በማስታወቂያ መሀል የሞተው አባት

ዘንድሮ የሰው ሞት አያስደነግጠኝም ብዬ ነበር። ሱዳን ገዳሪፍ ተቀምጦ፣ በአንድ ጆሮው የካርቱምን በሌላው የጎንደርን እየሰማ፣ አሁንም ሞት የሚያስደነግጠው ሰው ካለ ወይ አዲስ ገቢ ነው ወይ ጆሮው ደንቁሯል። ባለፈው ሰሞን ግን አንድ ሰው ሞተና እህል አልወርድ አለኝ። ሻይና ብስኩት እህል ካልተባለ ማለቴ ነው።

ሟቹ ዘመዴ አይደለም። ያገሬ ሰውም አይደለም። የሚኖረው ቴሌቪዥን ውስጥ ነው፤ አፉ በአንድ ቋንቋ እያወራ ድምፁ በአማርኛ የሚመጣ፣ ዝናብ ቢመታው እንኳ ፀጉሩ የማይበተን ሰውዬ።

ድራማውን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ሰውዬው በሐሰት ተመስክሮበት ይታሰራል። ሲፈታ ሚስቱ ሞታለች፤ ሕፃን ልጁን ደግሞ ሌሎች ሰዎች ወስደው አሳድገዋታል። ከዚያ ወዲያ ፍለጋ ነው። ልጅቷ እዚያው ከተማ አለች፤ እሱም እዚያው ከተማ አለ። ሊፍት ውስጥ እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች። እሱ ሱቅ ገብቶ ሻማ ሲገዛ እሷ ከመደርደሪያው ወዲያ ዳቦ ትመርጣለች። አንድ ጊዜማ መኪና ገጭቷት፣ ራሱ ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሳት፣ ፊቷ በፋሻ ተጠቅልሎ ስለነበር አላወቃትም። ደም ጎደላት ሲሉ ደሙን ሰጣት! ያን ዕለት እኔ ከወንበሬ ተነስቼ፣ "ያንተው ደም ነው እኮ አንተ ደንቆሮ!" ብዬ ብጮህ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተነሳብኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት ሄደ። ይገናኛሉ ስንል ሙዚቃው ይመጣል፣ ሐላስ፣ አለቀ፣ ነገ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። እኔ ወረቀት የለኝም፤ ሌላውን ግን አሟላለሁ። ይሄን የመሰለ ሆድና ይሄን የመሰለ ራስ ይዤ፣ ቀኑን ሙሉ ገበያ ውስጥ የሰሊጥ ጆንያ አፍ ስሰፋ የምውል ሰውዬ፣ ማታ ማታ በድራማ አለቅሳለሁ። ጆንያ ተሸካሚዎቹ ያውቁኛል። "አያ፣ ዛሬስ ተገናኙ?" ይሉኛል ጠዋት። "ለትንሽ አመለጣቸው" እላለሁ። "እንግዲያውስ መርፌህን ወዲያ አርቅ፣ ተናደህ ትወጋናለህ።"

የማያውቁት፣ እኔም የማልነግራቸው ነገር፣ ድራማው የልጄና የኔ መሆኑን ነው።

ወደዚህ አገር የመጣሁት ለአንድ የሰሊጥ አጨዳ ነበር። የመጣ ሁሉ ለአንድ አጨዳ ነው የሚመጣው። እናቷ በወባ ካረፈች ወዲህ ልጄን የምታሳድጋት እህቴ ናት፣ ከድንበሩ ማዶ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ። ያኔ የፊት ጥርሷን ነቅላ ስትስቅ በምላሷ ትደፍነው ነበር። በየዓመቱም አጨዳው ሲያልቅ እመለስ ነበር፤ ሳሙናውን፣ ሽቶውን፣ ከረሜላውን ይዤ ጥምቀትን እዚያ እውላለሁ። ድራማው የጀመረውም እንዲሁ አንዴ ከነሱ ጋር ሳለሁ ነው። እህቴ ወንበር ላይ፣ እኔ ምንጣፍ ላይ፣ ልጄ ሆዴን ትራስ አድርጋ። እኔ ስስቅ ራሷ ከፍ ዝቅ ይላል። "አባ አትሳቅ፣ አይታየኝም" ትለኝ ነበር።

ከዚያ ድንበሩ ተዘጋ። ተከፈተ ሲሉ እዚህ ጦርነቱ መጣ። የዚህን ስንለምደው እዚያ ማዶ ተነሳ። መንገድ ላይ ሰው ይታገታል፣ መኪና ይቃጠላል ይባላል። "ጥምቀትን" ስል "ፋሲካን" ሆነ፤ "ፋሲካን" ስል ደግሞ "ሰላም ሲሆን" ሆነ። የቀረልን ስልክ ነው። እሱም አርብ አርብ፣ እዚህ ገበያ ሲዘጋ፣ እሷ ዋይፋይ ያለው ሱቅ ደጃፍ ቆማ። ምስል አይይዝልንም፤ ድምፅ ብቻ ነው።

ድምፅ ብቻ ሲሆን ደግሞ ሰው ምን ያወራል? "ደህና ነሽ?" "ደህና፣ አንተስ?" "ይመስገን። አክስትሽስ?" "ደህና ናት።" አለቀ። እኔ ገበያውን በቀልድ የማንጫጫ ሰውዬ፣ ከገዛ ልጄ ጋር ስሆን አፌ በመርፌ የተሰፋ ይመስላል። እሷም እያደገች ሄደች፤ ድምፅዋ ሲወፍር ሰማሁት እንጅ ስታድግ አላየኋት። አንድ አርብ እንዲህ ዝም ተባብለን ቆይተን፣ ልዘጋው ስል፣ "አባ፣ ሊፍቱን አየኸው?" አለችኝ። እንዴት አላይ! ከዚያ ወዲያ ማን ይዝጋው። እሷ ክፉዋን የእንጀራ እናት ስትሰድብ፣ እኔ አባትየውን ስመክር፣ እዚህ ኢንተርኔቱን የሚሸጠው ሰውዬ "ሐላስ ያ ሐበሺ፣ ሰው እየጠበቀ ነው" እስኪለኝ ድረስ።

እንዲያ ሆነን ከረምን። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ፣ "እነሱ ይቀድማሉ ወይስ እኛ?" እላታለሁ። "እኛ" ትለኛለች።

የምናየው እኩል በአንድ ጊዜ ነው። እዚያ ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚህ አንድ ሰዓት ነው፤ ሱዳኖቹ ደግሞ ሰባት ይሉታል። እኔ ግን ስሙ ግድ የለኝም፤ ሙዚቃው ሲጀምር እሷም እዚያ ሰማችው ማለት ነው። ሌላ በአንድ ላይ የምናደርገው ነገር የለንም።

ቴሌቪዥኑ የእቴጌ ነው። እቴጌ የምንላት የምንከራይበት ሆሽ፣ ማለት የግቢው ባለቤት ናት፤ የጎንደር ሰው፣ ለሠራተኛው ወጥ እየሸጠች የኖረች። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ በጭልፋ አባረረችኝ፣ ኋላ ወደደችው። መብራት ከሄደ ወዲህ የሶላር ፓኔል ጣራው ላይ አውጥታለች። ማታ ቴሌቪዥኑን የለስላሳ ሣጥን ላይ ታስቀምጥልናለች፤ የግቢው ሰው ሁሉ ይሰበሰባል። ከኋላችን አንድ ሱዳናዊ ይቀመጣል። ካርቱም የሒሳብ አስተማሪ ነበር፣ ጦርነቱ አንድ ቦርሳ አስይዞ አመጣው፤ ኡስታዝ እንለዋለን። አማርኛ አይሰማም። ግን ማታ ማታ ይመጣል፣ ዝም ብሎ ያያል፣ ከቴሌቪዥኑ ይልቅ እኔን እኔን የሚያይ ይመስለኝ ነበር። "ኡስታዝ ምኑ ይገባዋል?" ስል፣ እቴጌ "አንተስ ገብቶህ ምን ተረፈህ?" ትለኛለች።

ያች ማታ እንግዲህ አባትየው ልጁ ያለችበትን አወቀ። ወሬ አይደለም፣ አወቀ! ስሟን፣ ሰፈሯን። አውቶብስ ተሳፈረ። እሷ ደግሞ ነገሩን ሳታውቅ፣ ለራሷ ጉዳይ፣ እዚያው ፌርማታ ላይ ቆማለች። አውቶብሱ ይመጣል። እሷ ሰዓቷን ታያለች። አውቶብሱ ይቆማል። በሩ ይከፈታል። አንድ ጫማ ይወርዳል፤ ጫማውን አውቀዋለሁ፣ ስንት ጊዜ ሲንከራተትበት አይቼዋለሁ። እቴጌ እጄን ያዘችኝ። ማስታወቂያ።

የልብስ ሳሙና። የምግብ ዘይት። ብድር የሚሰጥ ባንክ። ደሞ ሳሙና። "ዛሬ ሰው ልብሱን ባያጥብ ምን አለበት!" አልሁ።

ሲመለስ ጥቁር ነው። ጥቁሩ ላይ ጽሑፍ መጣ፤ "ከስምንት ዓመት በኋላ"።

ከዚያ ትልቅ ቤት። ልጅቷ መነጽር አድርጋለች፣ ወልዳለች፣ ሰው ታዛለች። ወደ ማድ ቤት ገባችና ውሃ ጠየቀች። የሠራተኛዋ ክፍል ግድግዳ ላይ ፎቶ አለ፤ አባትየው። "ማነው?" አለች ልጅቷ። ሠራተኛዋ፣ "ልጄን ልጄን ሲል የኖረ አንድ ሰውዬ ነበር፤ ሞተ" አለቻት። ልጅቷ "ምስኪን" አለች። አለችና ውሃዋን ጠጣች። ሙዚቃ።

መጀመሪያ የተናገረች እቴጌ ናት። "ባትሪው ነው!" አለች። "ባትሪው ደክሞ ዘለለብን!"

ሁላችንም አመንናት። አትሳቁብን፤ በክረምት ደመና ሲሆን ባትሪው እየሞተ ስንት ክፍል በልቶብናል። ከፊሉ ቴሌቪዥኑን በጥፊ መታ። ከፊሉ በእቴጌ ላይ ዘመተ፤ "ፓኔሉን አቧራውን ጥረጊ ስንልሽ! ይኸው ስምንት ዓመት አመለጠን!" እሷም፣ "እናንተ ስልካችሁን እየሰካችሁ ጨርሳችሁት ነው እንጅ! የማን ስልክ ነው አሁን የተሰካው?" አለች። የኔ ነበር። ቀስ ብዬ ነቀልሁት። አንዱ ጎረምሳ ጣራ ላይ ወጥቶ በነጠላ ፓኔሉን ወለወለ፣ ስምንቱን ዓመት ከአቧራው ሥር የሚያገኘው ይመስል። "ነገ ቀን ይደገማል፤ ያኔ ሙሉውን እናያለን" ብዬ አረጋጋኋቸው። እኔ ነኝ አረጋጊው።

በማግስቱ ሥራዬን ጥዬ፣ ጆንያው አፉን እንደከፈተ ትቼ፣ ለድጋሚው መጣሁ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ባትሪው ጢም ብሏል። ጫማው ወረደ። ሳሙና፣ ዘይት፣ ባንክ፣ ሳሙና። "ከስምንት ዓመት በኋላ።" "ምስኪን።" ውሃ።

ኡስታዝ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። በአረብኛ፣ "ባትሪው አይደለም ያ ዞል" አለኝ፤ አንተ ሰው ማለቱ ነው። "እንዲሁ ነው። ይሞታል።"

"አንተ በምን አወቅህ?"

"ካርቱም አይተነዋል። በአረብኛ። ከጦርነቱ በፊት።"

ዞር ብዬ አየሁት። ይሄ ሰው ስንት ማታ ከኋላዬ ሲቀመጥ፣ እኔ ስጮህ፣ ስመክር፣ "ነገ ይገናኛሉ" እያልሁ ስምል፣ የሰውዬውን ሞት በሆዱ ይዞ ነበር!

"ለምን አልነገርኸኝም፣ ኡስታዝ?"

"እናንተ መርዶ በማታ አይነገርም ትላላችሁ ብለው ነግረውኛል" አለ። "ጠዋት ጠዋት ደግሞ አንተ ለሥራ ትሄዳለህ።"

"እሺ ከዚያስ? በኋላ ልጅቷ ማንነቱን ታውቃለች?"

እጁን ዘረጋ። "ከዚያ አላየሁም። እዚያ ላይ እያለ ነው ከቤት የወጣነው። ቴሌቪዥኑን እንኳ አላጠፋነውም።"

የሱን ቤት ልጠይቀው ሲገባኝ የሰውዬውን ሞት ነው የማስበው፤ እንዲህ ነኝ። ለካ እኛ አንድ ነገር ይሆናል ብለን ማታ ማታ ስንጠብቅ፣ ነገሩ ሌላ ቦታ ካለቀ ቆይቷል።

የዚያን ዕለት ከሥራ መልስ የግቢው ሰው ለቅሶ ተቀመጠልኝ። የሰሌን ምንጣፍ ዘርግተዋል፣ ሻይ አፍልተዋል። ጆንያ ተሸካሚዎቹም መጡ። አንድ በአንድ እየገቡ፣ "እግዜር ያጥናህ" ይሉኛል። እኔም ነጠላዬን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቄ ለበስሁ፤ የተዘጋጀ ቀልድ ካገኘሁ አልምርም።

"ሟች ስንት ልጅ ትቶ አረፈ?" አለኝ አንዱ ተሸካሚ።

"አንዲት። እሷም አታውቀው።"

"ምን አሞት ነው?"

"አልተነገረም። ማስታወቂያ ላይ ነበርን።"

"አልቅስ እንጅ አያ! ለደረቅ ለቅሶ ነው እንዴ የጠራኸን?"

እኔም ደረቴን እየመታሁ አወረድሁ፤

"ስምንት ዓመት ሙሉ የት ነበር የዋለው፣
ማስታወቂያ መሀል ሳሙና ገደለው።"

ሳቁ ግቢውን ሞላው። ኡስታዝ ሳይቀር መዳፉን ዘርግቶ "አልፋትሓ" ብሎ ፊቱን አበሰ፤ ደገሙልኝ፣ "ሳሙና ገደለው!" እቴጌ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። በጣም ሳቀች ብለን ገና "እቴጌን ያዟት!" ስንል፣ ሳቅ አለመሆኑን አየን። ሻሿን ፊቷ ላይ ደፍታ ነው። ማንም ምን ሆነሽ አላላትም። ሻዩን ጨርሰን ተነሳን፤ ምንጣፉን የጠቀለልሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ጭንቄ አርብ ነበር። ልጄም አይታዋለች። እሷስ ምን ብላ ይሆን? "እኛ እንቀድማለን" ስትል የኖረች ልጅ፣ አሁን ምን ልላት ነው? እነሱ ቀሩ፤ ስለዚህ ቀደምን ይባላል? ሳምንቱን ሙሉ ጆንያ እየሰፋሁ ሰውየውን ከሞት ሳስነሳ ሰነበትሁ። አንደኛው፣ ፎቶው የመንታ ወንድሙ ነው። ደሞ ሠራተኛዋ በክፉዋ የእንጀራ እናት ተከፍላ ዋሸች። ወይ ደግሞ ሐኪሙ ተሳስቶ ሌላ ሰው ነው የተቀበረው። በድራማ ይሄ ሁሉ ይሆናል። ጣቴን ስንት ጊዜ ወጋሁት።

አርብ ደረሰ። የሳተላይት ኢንተርኔቱ ያለው ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አንድ የሣር ዳስ ሥር ነው። ሰው ሁሉ በየቋንቋው ይጮሃል። አንዲት ሴት በትግርኛ ታለቅሳለች፣ ከአጠገቧ አንድ ሱዳናዊ ስለ ፍየል ዋጋ ይጨቃጨቃል። ጥግ ይዤ ደወልሁ።

"አሎ፣ አባ?"

"የኔ እናት! እንዴት ነሽ?"

"ደህና፣ ይመስገን። አንተስ?"

"እኔማ ሐዘን ላይ ነኝ" አልኋት፤ በቀልድ ልጀምረው ብዬ።

ድምፅዋ ተቀየረ። "የምን ሐዘን? ማን ሞተ አባ?"

"ማን ሞተ ትያለሽ እንዴ! ሰውዬው ነዋ።"

"የቱ ሰውዬ?"

"አባትየው! የድራማው!"

ከኋላዋ ሞተር ሲያልፍ ይሰማኛል። "እ... እሱማ። አየሁት። ያሳዝናል።"

አንድ ነገር ጆሮዬ ላይ አልተመቸኝም። ሰው ያየውን እንዲህ አያወራም። በኋላ ምነው አፌን በቆረጠው ያልሁትን ነገር ጠየቅኋት። "ልጅቷ ቀብሩ ላይ እንዴት እንዳለቀሰች አየሻት?" አልሁ።

"አዎ" አለችኝ። "በጣም አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ።"

ፍየሉን የሚሸጠው ሰውዬ መጮሁን ቀጥሏል።

"የኔ እናት" አልኋት። "ቀብር የለውም እኮ። ማንም አላለቀሰለትም።"

"አባ... አላየውም።"

"ያለፈውን ሳምንት?"

"ከተውሁት ቆየሁ። ቴሌቪዥኑ ከተሸጠ ቆየ።"

"ታዲያ አርብ አርብ የምትነግሪኝ?"

"ጎረቤት አንዲት ልጅ አለች፣ እነሱ ቤት ይታያል። ሐሙስ ሐሙስ እጠይቃታለሁ። በዚህ ሳምንት የለችም፣ አክስቷ ጋ ሄዳለች።"

ልስቅ ፈለግሁ። ቀልድ ነው እኮ፤ ሌላ ሰው ላይ ቢደርስ ገበያውን ሳስቅበት የምከርመው ቀልድ ነው። ልጄ እንደ ትምህርት ቤት ጥያቄ ሐሙስ አጥንታ አርብ ትመልስልኛለች። ሙዚቃው ሲጀምር እሷም ሰማችው ስል፣ እኔ ብቻዬን ነበርሁ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እሱን ስናወራ ሌላ ሌላውን አትጠይቀኝማ።"

"ሌላው ምንድነው?"

"ምንም።"

"ትምህርትሽስ?"

"ተዘግቷል አባ። ድሮ።"

"ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ?"

"መጋዘን እሄዳለሁ። ሰሊጥ እንነፋለን። ብዙ ሴቶች ነን፣ ደህና ነው።"

የሰሊጡን አቧራ አውቀዋለሁ። ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሲስሉ ይወጣል፣ ደሞ ሲተነፍሱ ይገባል። ሳል ሳል ሲላት ብርድ ነው ስትለኝ ከርማለች። "ስንት ክፉ ነገር አለ የማላውቀው?" ልላት ነበር። ያልሁት ግን፣ "እመጣለሁ" ነው። አፌ ራሱ ነው ያለው። "በዚህ ሳምንት ድንበሩ ጋ፣ ገላባት እወርዳለሁ፣ ከዚያ በእግርም ቢሆን..."

"ይኸው!" አለችኝ። አለቀሰች እኮ፣ አሁን ነው ያለቀሰችው። "ይሄን ነው የፈራሁት! ብነግርህ ትመጣለህ ብዬ ነው! መንገዱን አታውቀውም አባ፣ አንተ በያኔው ነው የምታውቀው። እኛ ሰፈር አንድ ሰውዬ እንዳንተው ልጆቼን ልይ ብሎ ከዚያ ማዶ ተነሳ። ልጆቹ መናኸሪያ እየሄዱ ይጠብቁታል።"

"እሺ?"

"ይጠብቁታል አልሁህ እኮ።"

"የኔ እናት፣ እኔን ማን ይወስደኛል፤ ይሄን ሆድ አይቶ ማን ሊቀልበኝ..."

"አባ አትቀልድ! በሞቴ አትምጣ። በሞቴ በል። ማልልኝ።"

ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኛል። በትግርኛ ታለቅስ የነበረችው ሴት ለቅሶዋን ጨርሳ ስልኳን በቀሚሷ ጫፍ ትወለውላለች። አንዲት ልጅ አባቷን አትምጣብኝ ብላ በሞቷ ስታስምለው፣ አባት ምን ይላል? እምቢ ካልሁ አንዱን አርብ ስልኩን አታነሳም፤ አውቃታለሁ፣ እናቷን ናት። እሺ ካልሁ ደግሞ እሺ አልሁ ማለት ነው።

"በሞትሽ" አልኋት። "አልመጣም።"

"መንገዱ ሰላም እስኪሆን።"

"መንገዱ ሰላም እስኪሆን።"

"እሺ" አለችኝ። አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማኝ። "እሺ አባ። በል ደህና ሁን፣ እረፍቴ አልቋል።" ከሥራ ነበር ለካ የምትመጣው። አርብን የመረጥነው ለኔ እረፍት ብለን ነው እንጅ እዚያ አርብ የሥራ ቀን መሆኑን አስቤው አላውቅም።

ግቢ ስገባ እቴጌ ሽንኩርት ትከትፋለች። "ልጅህ ምን አለች? በሰውዬው አዘነች?" አለችኝ። "በጣም" አልኋት። ገብቼ ተኛሁ፣ በቀን።

ድራማው ቀጥሏል። ልጅቷ አሁን በርስት ክርክር ላይ ናት፤ መነጽሯን እያወለቀች ትናገራለች። ክፉዋ የእንጀራ እናት ስምንት ዓመት አልፎባት አንድ ሽበት አላወጣችም። እኔም ማታ ማታ እቀመጣለሁ፤ አለዚያ ምን እሠራለሁ። ግን አልጮህም። እቴጌ መጀመሪያ ታምሜ መስሏት ነበር። "ኧረ አንድ ጊዜ እንኳ ስደባቸው" ትለኛለች። ኡስታዝ አሁን የማያውቀው ክፍል ላይ ስለደረሰ ወንበሩን ወደ ፊት አምጥቷል፤ "ምን አለች? ምን አለች?" እያለ እኔ ወደ አረብኛ እመልስለታለሁ። ስመልስ ግማሹን ሳልሰማ ያልፈኛል። ግድ የለውም፣ ከራሴ እሞላለታለሁ።

ከልጄ ጋር አርብን ትተን እሑድ አድርገነዋል። ስለ ድራማው አናወራም። መጀመሪያ አካባቢ ሁለታችንም አፈርን፤ ሰው የለበሰው ልብስ ድንገት የተገፈፈ ያህል። አንድ እሑድ መጋዘን ውስጥ ሻሿን እንዴት ማሰር እንዳለባት ነገርኋት፤ እርጥብ አድርገሽ አፍንጫሽ ላይ በሁለት እጥፍ፣ አልሁ። "ሞክሬዋለሁ፣ ትንፋሽ ያሳጣል" አለችኝ። ሌላ የማውቀው ነገር አጣሁ። እሷም ስለኔ መጠየቅ ትሞክራለች። "ምን በላህ?" ትለኛለች። ፉል እላለሁ። "ትናንትስ?" ፉል። እንዲህ ነው የምንተዋወቀው።

ዛሬም ደወልሁ። ደህና ነሽ፣ ደህና ነህ ተባብለን ስናበቃ፣ እንደ ሰሞኑ ልማዳችን፣ "መንገዱስ?" አልኋት።

"እንደዛው ነው" አለች። ከዚያ፣ "ትናንት ግን አንድ መኪና ከድንበሩ ወደዚህ አለፈ አሉ።"

ተነስቼ ቆምሁ። "ሰው የጫነ?"

"ሰው የጫነ።"

"ደረሰ?"

የሱቁ ደጃፍ ላይ ነፋስ አለ መሰለኝ፣ ስልኩ ውስጥ ይጮሃል። ሳለች። ጨርሳ እስክትስል ጠበቅኋት።

"እሱን አልሰማሁም አባ" አለችኝ።